ለደብረ ማርቆሱ ጫማ ሰፊያችን ምስጋና፣ እግሩ ላበጠ ሁሉ ጥቆማ

እጁ ይባረክ! ሌላውን ከማለታችን በፊት ይህን እንበል። በምሥራቅ ጎጃም የዝሆኔ በሽታ ላለባቸው ወገኖች የእግር እንክብካቤ የምንሰጥ ባለሙያዎች ነን። የምናመሰግነው ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚሠራ አንድ ጫማ ሰፊ ነው። ስሙን አደባባይ እንዳናወጣው ስለለመነን አንጽፈውም፤ የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀን፣ እናመላክታለን።

ላበጠ እግር ጫማ ማግኘት ምን ያህል መከራ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ገበያ ላይ "ትልቅ ቁጥር ውሰጂ" ይባላል። ቁጥር ሲጨምር በዋናነት የሚጨምረው ርዝመቱ ነው፤ ያበጠ እግር የሚፈልገው ደግሞ ስፋትና ከፍታ ነው። ርዝመቱ 38 የሆነ እግር 44 ውስጥ ሲገባ ከፊት ባዶ ይቀራል፣ ተረከዙ ይንሸራተታል፣ ላዩ ላይ ግን አሁንም ይጠብቃል። ሰውየው ይደናቀፋል፣ ተረከዙ ይላጣል። ኮንጎ ጫማ የገዙም አሉ፤ ፕላስቲኩ ላብ ያፍናል፣ በጣቶች መካከል ያለው ቆዳ ርሶ ይሰነጠቃል። በልክ እንሠራለን ብለው ቀብድ የተቀበሉም ነበሩ። ስማቸውን ተውት። አንዱ እግሩን ሳይነካ በዓይኑ ለክቶ ሰፋ፤ ሌላው ጋ የሄደች ሴት "በር ላይ አትቁሚ፣ ደንበኛ ይሸሻል" ተብላ እያለቀሰች ተመለሰች።

ዝሆኔ በንክኪ አይተላለፍም! በደጋው የምናየው ይህ በሽታ ከትንኝም አይመጣም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ የአፈሩ ረቂቅ ብናኝ በቆዳ ዘልቆ ከእግር ፈሳሽ የሚመልሰውን የሊምፍ መተላለፊያ ያቆስላል። በባዶ እግሩ የሄደ ሁሉ አይታመምም፤ በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት አለ። "የዘር ነው" ተብሎ ትዳር የሚከለከለው በዚህ ግማሽ እውነት ነው። ተጋላጭ የሆነውን ልጅ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግሩን በማጠብ ከበሽታው መጠበቅ ይቻላል።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ከአነደድ ወረዳ የመጡ አንዲት እናት ሱቁ በር ላይ ደርሰው እግራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ሸፍነው ቆሙ። ዱካ አምጥቶ "ይቀመጡ እናቴ" አላቸው። "ይሸታል ልጄ፣ ይቅርብህ" አሉት። ተንበረከከና እግራቸውን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። አፍንጫውን አልሸፈነም፣ ፊቱንም አላዞረም። በጣቶቻቸው መካከል ያለውን ስንጥቅ ሲያይ "ይኼ ሳይደርቅ አልለካዎትም፣ ጫማ ቢያርፍበት ያመዎታል" ብሎ ወደ እኛ ላካቸው። ቀብዱን ተቀብሎ መስፋት ይችል ነበር።

ቁስሉ ደርቆ በጠዋት ቢሄዱ ደግሞ "ከሰዓት ይሁን" አላቸው። ይህን ከማንም አልተማረም፤ ከሥራው ያወቀው ነው። ሌሊት ተኝተው ሲያድሩ ፈሳሹ ወደ ላይ ስለሚመለስ እግር ጠዋት ይቀንሳል፣ ሲቆሙበት ሲውሉ ይጨምራል። ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ያንቃል። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፋሻውንና ካልሲውን እንዳደረጉ ወረቀት ላይ ያቆማቸዋል፣ እስክሪብቶውን ቀጥ አድርጎ ዙሪያውን ይሥላል። እብጠቱ በሁለቱ እግሮች እኩል ስለማይሆን ቀኙንም ግራውንም ለየብቻ ይለካል፤ የጣቶቹን ሥር፣ የእግሩን ጀርባ፣ ቁርጭምጭሚቱን በሜትር ይዞራል። የሚሰፋው ጫማ አፉ እስከ ጣቶቹ አካባቢ ስለሚከፈት እግር ሳይጨነቅ ይገባል፤ የሚዘጋው በቬልክሮ ስለሆነ ሲያብጥ ይላላል፣ ሲጎድል ይጠብቃል። የፎርማውንና (የጫማው ቅርጽ ማውጫ) የቶማያውን (የጫማው የላይኛው ክፍል) ጥበብ እኛ አናውቅበትም፣ ለእሱ እንተወዋለን።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም ቆመን አየን። ጫማውን ከማስረከቡ በፊት እጁን እስከ ጫፉ ድረስ አስገብቶ ውስጡን ዙሪያውን ዳበሰ። በቀኙ ጫማ፣ ቁርጭምጭሚቱ በሚታጠፍበት በኩል፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል የክር ቋጠሮ አገኘ። በወስፌ ፈትቶ ቋጠሮውን ወደ ውጭ አዙሮ እንደገና ሰፋው።

ያቺን የምታህል ቋጠሮ ቆዳ ትፍቃለች። በተላጠው በኩል ባክቴሪያ ይገባል፤ ከዚያ ሕመምተኞቻችን "ምች መታኝ" የሚሉት ይነሳል። ብርድ ብርድ ይላል፣ እግሩ ይግላል፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፣ ሰውየው አልጋ ላይ ይውላል። ምቹ በተመላለሰ ቁጥር እብጠቱ እየጠነከረ ይሄዳል። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሰዎች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት አለ። እጥበት፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ምች ሲነሳባቸው፣ እንክብካቤው ገና ያልተጀመረላቸው 23.9 ጊዜ ተነሳባቸው። አልጠፋም፤ ግን በዓመት ከአራት በላይ ምች መቅረቱ ለገበሬ ትልቅ ነገር ነው።

ጫማው ብቻውን አይበቃምና የቤቱን ሥራም አደራ። በየቀኑ እግርን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና፣ በጣቶቹ መካከልና በእጥፋቱ ውስጥ ሳይቀር ማጠብ። ቀጥሎ የምንሰጣችሁን ማጽጃ በጨመራችሁበት ውኃ መዘፍዘፍ። በረኪና በግምት አትጨምሩ፣ ሲበዛ ቆዳ ያቃጥላል። ውኃ ከሩቅ የምትቀዱ ደግሞ ይህን ስሙ፦ እዚሁ አገራችን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ የመዘፍዘፊያው ውኃ ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ተቀንሶ 2 በመቶ ግሊሰሪን ሲጨመርበት፣ ማለትም በሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ ቆዳው ይበልጥ ተሻሽሏል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ማበስ፤ እርጥብ የቀረ ጣት ፈንገስ ያበቅላል። በጣቶች መካከል ዊትፊልድ የተባለው የፈንገስ ቅባት፣ በቀረው ቆዳ ላይ ቫዝሊን። ፋሻው ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ከጣት ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይጠመጠማል፣ ሌሊት ይፈታል፣ እግር ከፍ ብሎ ይታደራል። ምች በተነሳ ጊዜ ፋሻም ጫማም ይውለቅ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ እያደረጋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ። እባካችሁ በምላጭ አትብጡ፣ እብጠቱንም ቤት ውስጥ አትቁረጡ።

ልጆቻችሁንም እዩ። እግሩን ከጣቶቹ በላይ የሚያሳክከው፣ ማታ ማታ እግሬ ተቃጠለ የሚል፣ ሲውል አብጦ ሲያድር የሚጎድልለት ልጅ ካለ ዛሬውኑ አምጡት። በዚያ ደረጃ እብጠቱ ሊጠፋ ይችላል።

ጫማ ልታሠሩ ስትሄዱ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ እግራችሁን ታጥባችሁ፣ ካልሲና ፋሻችሁን ይዛችሁ። ቁስል ካለ አስቀድማችሁ ወደ እኛ ኑ፣ እሱ እንደሆነ አይለካችሁም። ሁለት ሦስት ሳምንት እንክብካቤ ስታደርጉ እግራችሁ ስለሚቀንስ ጫማው ይሰፋል፣ ተረከዝም መፋቅ ይጀምራል። ያኔ አትጣሉት፣ መልሳችሁ ውሰዱለት። አጥብቦ ሲሰጥ ሳንቲም አይቀበልም፤ እኚያን እናትም "እግርዎ ቀንሶ ሲመጡ ነው ደስታዬ" ብሎ ነው የሸኛቸው።