የደብረ ሲናውን ፍሬን ሠሪ እግዜር ይስጥልን

ይህ ጽሑፍ ደብረ ሲና ላይ ላገኘነው መካኒክ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ አደራ ብሎኛል። «እህቴ፣ መኪና የሚሠራው ስሜ አይደለም፤ ቦታውን ብቻ ተናገሪልኝ» ነው ያለኝ። እሺ ብያለሁ። ቦታውን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ቀኑ እንዴት እንደዋለ ላውራ፤ አለበለዚያ ምስጋናው አይገባችሁም።

የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ሸዋ ሮቢት ነበር። ባለቤቴ፣ እናቴ፣ ሁለቱ ልጆችና እኔ ከሠርጉ አንድ ቀን ቀደም ብለን በአሮጌዋ ኮሮላችን ከአዲስ አበባ ተነሣን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንወጣለን ብለን ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣን። ያው እንደምታውቁት ነው። ትንሹ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ «በባቡር እንሂድ» እያለ ሲነዘንዝ ነበር። አባቱ «ሐዲዱ ከአዋሽ ተነሥቶ በቆላው በኩል ነው ሮቢት የሚደርሰው፤ እኛ ደግሞ በደጋው ነን» ብሎ ሊያስረዳው ሞከረ። ልጁ አኮረፈ።

ሸኖ ስንደርስ እናቴ ካልቆማችሁ አለች። የሸኖ ለጋ ቅቤ ሳይዙ ሠርግ ቤት መግባት ለእሷ ነውር ነው። አምስት ኪሎ ገዝታ በባልዲ አድርጋ የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ከባለቤቴ አዲስ ሱፍ ልብስ አጠገብ አስቀመጠችው። ይህችን ባልዲ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጫጫን እንዳለፍን የኋላ ቀኝ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታ አለን፤ ክሪክ የለንም። ክሪኩን ለጎረቤት አውሰን ረስተነዋል! መንገድ ዳር ቆመን ስንተያይ አንድ አይሱዙ ቆመልን። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ በአሥር ደቂቃ ቀየረልን። ብር ብንሰጠው «ይልቅ የተነፈሰውን ደብረ ብርሃን ላይ ጎሚስታ አሳዩት» ብሎ ሄደ። አሠራን፤ ምሳም በላን። የደብረ ብርሃን ብርድ እናቴን ሁለት ጋቢ አስደረባት።

ከዚያ ጣርማ በር። ከቆላው የሚወጣው ሞቃት አየር ገደሉን ተንተርሶ ደጋው ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል፤ የዚያን ቀን ደግሞ መንገዱ ተሸፍኗል ማለት ይቻላል። መብራት አብርተን እየዳበስን ሄድን። ትልቋ ልጄ የእናቴ ነጠላ ላይ አስመለሰች። እናቴ «ይውጣላት» ከማለት ሌላ አልተናገረችም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን።

ጥቂት እንደወረድን የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ቅቤው መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ባለቤቴ ዝም ብሏል። እሱ ሲናገር ሳይሆን ዝም ሲል ነው የምፈራው። ቆይቶ ቀስ ብሎ «ፍሬኑ ወደ ታች እየሄደብኝ ነው» አለ። እናቴ አልሰማችም፤ እግዜር ነው ያተረፋት። ማርሹን ዝቅ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ ለቀቅ እያደረገ፣ እንደ ኤሊ እየተጎተትን ደብረ ሲና ገባን። አሮጌ ጎማ የተሰቀለበት አንድ ጋራዥ አየንና እዚያው በር ላይ ቆምን።

ሰውየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ሰላምታውን ሳይጨርስ አሸተተና «ከላይ ጀምረህ እየረገጥክ ነው የመጣኸው አይደል?» አለው። ባለቤቴ ጀሪካን አንሥቶ ጎማው ላይ ውሃ ሊያፈስ ሲል እጁን ያዘው። «ተው ወንድሜ! የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስክ ዲስኩ ይጣመማል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ይረፍ።» ከዚያ የእጁን ጀርባ፣ ሳይነካ፣ ወደ አራቱም ጎማዎች በየተራ አስጠጋ። ልክ እናቴ የምጣድ ሙቀት እንደምትለካው።

ሲበርድ ፈታው። የፊቱን የፍሬን ሸራ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የወረቀት ያህል ቀርቶታል። «ይቺን ይዛችሁ ነበር ሮቢት ልትወርዱ?» አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ሰርቪስ ያስገባንበት ጋራዥ «ፍሬኑ ሰላም ነው» ብሎን ነበር። ማን እንደሆነ አልናገርም። ፍሬኑ ግን ሰላም አልነበረም።

የፍሬን ዘይቱም ጠቁሮ ቡና መስሏል። «ዘይቱ ሲያረጅ ከአየር ውሃ ይስባል» አለን። «ሲግል ውሃው ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ሲረገጥ ይታመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። እግርህ ወለል የነካው ለዚያ ነው።» ለእኔ እንዲህ አድርጎ ፍሬን ያስረዳኝ ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም፤ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ እንኳን።

ባለቤቴ ቸኩሏል። «ዘይት ጨምርልንና ቀስ ብለን እንውረድ፤ ሠርግ አለብን» አለው።

«ሠርጉ መቼ ነው?»

«ነገ።»

«እንግዲያው ነገ ትደርሳላችኋ!»

ከልቡ ነው ያለው። ዘይት ጨምሮ፣ ብሩን ተቀብሎ ሊሸኘን ይችል ነበር። ከጣርማ በር ሮቢት ማለት ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ መውረድ ነው። እኛ ገና የላይኛውን ጠመዝማዛ ነበር የጨረስነው።

ሸራው ደብረ ሲና አልተገኘም። ደብረ ብርሃን ደውሎ ለመኪናችን የሚሆነውን ነገራቸው፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ ሹፌር አስላከው። ጉሙን ቆጥራችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ጎን ያለችው ቆሎ ሻጭ ልጆቹን ወስዳ ገብስና ሽምብራ አስጨበጠቻቸው፤ እናቴን ደግሞ ቡና አስቀመጠቻት። እናቴ መቼም ዝም አትልም፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ መካኒኩን «የማን ልጅ ነህ?» ብላ አያቱ የመንዝ ሰው እንደሆኑ ደረሰችበት። ከዚያ በኋላ «ልጄ» ሆነ።

ዕቃው ሲመጣ መሽቷል። ባለቤቴ በስልኩ ያበራል፤ ሰውየው ከሥር ተጋድሟል፤ እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ ከፍሬኑ መስመር አየሩን እናስወጣለን። «እርገጪ… ያዢ… ልቀቂ።» መጀመሪያ እግሬ ባዶ ነገር የረገጠ ያህል ነበር የሚሰምጠው። «እርገጪ… ያዢ… ልቀቂ።» ስንት ጊዜ እንዳደረግነው አላውቅም፤ ፔዳሉ ግን እየጠነከረ፣ እየጠነከረ መጣና እግሬን መልሶ ገፋኝ። ያን ጊዜ ነው ቀኑን ሙሉ የያዝኩትን ትንፋሽ ያወጣሁት።

ጨርሶ አልለቀቀንም። ባለቤቴን ከጎኑ አስቀምጦ ዳገት ቁልቁለቱን ሁለቴ እየነዳ ፈተሸው። አውቶማቲክ ናት ብሎ D ላይ ትቶ መውረድ ትልቁ ስሕተት መሆኑን ነገረው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚባለው ለአንተም ነው። 2 ላይ አድርግ፤ ሲብስ L። ሞተሩ ይያዝልህ፤ ፍሬኑን ረገጥ አድርገህ ልቀቅ እንጂ አትደገፍበት።»

ለእጁ 1,000 ብር ነው የጠየቀን። የሸራውን ደረሰኝ አሳየን፤ አሮጌውንም በላስቲክ ጠቅልሎ መለሰልን። ጨምረን ብንሰጠው እምቢ አለ። እናቴ ግን ከባልዲዋ በጣሳ ቅቤ ቀንሳ «በሞቴ!» ስትለው ያመልጥ ነበር? ተቀበለ።

ሮቢት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገባን። ትንሹ ልጄ ቁልቁለቱን በሙሉ «እርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ፣ ቱቱቱ!» እያለ ራሱ ባቡር ሆኖ ነው የወረደው። ኩርፊያው አለቀ። ኮፈኑን ስንከፍት የቆላው ሙቀት ቅቤውን አቅልጦ ሱፍ ልብሱ ላይ ደፍቶታል። ባለቤቴ በማግስቱ ሠርጉ ላይ የቆመው በሚዜ ኮት ነው፤ ቁልፉ አይገጥምም።

ቦታው ይኸውላችሁ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ደብረ ሲና ከተማ ውስጥ፣ ቆሎ ሻጮቹን አለፍ ብሎ፣ ወደ ሮቢት መውጫ በግራ በኩል፤ አሮጌ ጎማ የተሰቀለበት ሰማያዊ በር ነው። ታፔላ የለውም። ወደ ደሴም ሆነ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ሰዎች ፍሬናችሁን ብታሳዩት አትጸጸቱም። እሑድ የሚከፍተው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ካገኛችሁት የቅቤዋ እናት ሰላም ብላሃለች፣ ጣሳዋንም አትርሳ ብላለች በሉልኝ።