የቤተሰብ ስም ፈላጊው መተግበሪያ «ሊ» በሚለው ስም ሲፈተን

የቤተሰብ ስሞችን ምንጭ፣ ትርጉምና ሞክሼዎች አሰባስቦ የሚያቀርብ አንድ የስልክ መተግበሪያ ሰሞኑን ስፈትሽ፣ ብርታቱንም ድክመቱንም አጉልቶ ያሳየኝ «ሊ» የሚለው ስም ነው። አጭር ቢሆንም ዝምድና የሌላቸው ሕዝቦች የሚጠሩበት ስም በመሆኑ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ አገልግሎት ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ማግኘት ያስቸግራል።

መተግበሪያው በቅድሚያ የሚያወጣው የእንግሊዝኛውን ምንጭ ሲሆን፣ ስሙ በጥንታዊው እንግሊዝኛ በደን መካከል ያለ ገላጣ ቦታን ወይም መስክን ከሚያመለክት ቃል እንደመጣ በሚገባ ያስረዳል። ችግሩ የሚጀምረው ከማብራሪያው ሥር በተደረደሩት ሞክሼዎች ላይ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡብ ግዛቶችን ጦር የመራው ሮበርት ሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 በሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ብሩስ ሊ እና የሲንጋፖር የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኳን ዩ በዚያው ትርጉም ሥር ተሰልፈው ይገኛሉ። የሁለቱ የኋለኞቹ ስም ግን ቻይንኛ ነው፤ ፍችው ፕሪም የተባለው ፍሬ ወይም ዛፉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ618 እስከ 907 ቻይናን የገዛው የታንግ ሥርወ መንግሥት ቤተሰብም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በቻይንኛ ጽሕፈት ቢታይ ማንም የማይስተው ልዩነት በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይጠፋል፤ መተግበሪያው ደግሞ የሚያየው የላቲኑን ፊደል ብቻ ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለበት። ኮሪያን እ.ኤ.አ. ከ1392 እስከ 1910 የገዛው የጆሰን ሥርወ መንግሥት ቤተሰብ ስም በዚያው የቻይንኛ ምልክት የሚጻፍ ሆኖ ሳለ፣ ደቡቦቹ «ኢ»፣ ሰሜኖቹ «ሪ» ብለው ስለሚያነቡት በላቲን ፊደል «ሊ»ም፣ «ዪ»ም፣ «ሪ»ም እየተባለ ይጻፋል። የደቡብ ኮሪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ የሚጠራበትም ይኸው ስም ነው። መተግበሪያው ግን ሦስቱን እንደማይተዋወቁ ስሞች በሦስት ገጽ በትኗቸዋል። የተለያዩትን አንድ፣ አንዱን ደግሞ የተለያየ ማድረግ ለዚህ ሥራ ከባድ ጉድለት ይመስለኛል።

በሌላ በኩል የብዕርና የመድረክ ስሞችን በትንሽ ምልክት መለየቱን ሳላደንቅ አላልፍም። የቀልድና የጀብዱ ሥዕላዊ መጻሕፍት ደራሲው ስታን ሊ ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ሊበር ነበር፤ «ሊ»ን ያገኘው ስታንሊ የሚለውን የራሱን መጠሪያ ለሁለት ከፍሎ ነው። ዘፋኟ ፔጊ ሊም ስትወለድ ኤግስትሮም ነበረች።

በክፍያ የሚሸጠውን «የቤተሰብ አርማ» ግን አልመክርም። በእንግሊዝ ሥርዓት አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለዘሩ እንጂ ስሙን ለሚጋራ ሁሉ አይደለም፤ ከቻይና ወይም ከኮሪያ ለመጣ ቤተሰብማ ጭራሽ አይመለከተውም። ነጻው ክፍል ለመነሻ ያህል ይጠቅማል፤ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፣ ስሞቹን በየራሳቸው ጽሕፈት መለየት ከጀመረ 4 ይገባዋል።