የታችኛው የፍሪሲዮን ማስተር ከ9 ወር በኋላ

ባለፈው ጥቅምት የፒክአፔን የታችኛውን የፍሪሲዮን ማስተር ሙሉውን ቀየርኩ። ፔዳሉ ሲረገጥ የላይኛው ማስተር ዘይት ይገፋል፤ የታችኛው ደግሞ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጋ ሆኖ በዚያ ግፊት ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል። አሁን ሐምሌ ነው። ሰኞ ሰኞ ከደሴ ባቲ ገበያ ስመላለስበት ከርሜያለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ማውራት እችላለሁ።

በፊት ፔዳሉ ባዶ ነበር። ሁለት ሦስቴ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ይጠነክራል፣ ቆይቶ መልሶ ይላላል። የኋላ ማርሽማ ጥርሱን እያፋጨ ነው የሚገባው። አንድ ቀን የሐረጎን ዳገት ሽቅብ እየወጣሁ፣ ከኋላዬ ተሳቢ፣ ከፊቴ ኩርባ፣ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። በእግሬ ጣት ስቤ ነው የመለስኩት።

መጀመሪያ ያየው መካኒክ «አብሽር፣ ጎሚኒ ብቻ ነው» አለኝ፤ ውስጡ ዘይቱን የሚይዘውን ጎማ ማለቱ ነው። ርካሽ ስለሆነ ደስ ብሎኝ አስቀየርኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ እንደገና ላላ። ሲፈታ ሲሊንደሩ ውስጥ ጣቴን ሰድጄ ዳሰስኩት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለው። እዚያ ላይ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ለጭረቱ ቀለብ መስፈር ነው። ሳላየው መክፈሌ የራሴ ሞኝነት ነው።

የትኛው እንደተበላሸ መለየት አይከብድም። የታችኛውን የአቧራ ጎማ ገለጥ አድርጉ፤ ውስጡ በዘይት ከራሰ እሱ ነው። በሹፌሩ እግር በኩል በፔዳሉ ዘንግ ከወረደ የላይኛው ነው። የትም ሳይፈስ፣ አየርም ሳይኖር ፔዳሉ ከሰመጠ ብዙ ጊዜ የላይኛው ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። የኔ የታችኛው ከካምቢዮው ውጭ በ2 ብሎን ነው የታሰረው። ካምቢዮ ውስጥ የሆነበት ሰው ግን አላህ ይርዳው፣ ካምቢዮ ማውረድ አለበት።

አዲሱ ከታሰረ በኋላ መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ከእህቴ ልጅ ጋር ግቢ ውስጥ አስወጣነው። እሱ ላይ፣ እኔ ከሥር። «ርገጥ! ያዝ!» እለውና የአየር ማስወጫ ብሎኑን ላላ አደርገዋለሁ። ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ሃይላንድ ውስጥ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል። አጥብቄ «ልቀቅ!»። ሳልዘጋ ከለቀቀ አየሩን መልሶ ይስበዋል። ሁለቴ እንደዚያ አድርጎብኝ ከሥር ሆኜ ሰድቤዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። አሮጌው ዘይት የቡና አተላ መስሎ ነበር። አዲሱ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ግን እንዳትሞክሩ፣ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ቀለም ላይ ከፈሰሰም ቶሎ በውሃ እጠቡት፤ የኔ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያው) ጠባሳው እስካሁን አለ።

ፔዳሉ ዛሬም ከፍ ብሎ ይይዛል። በባቲ ሙቀት እንኳ አይላላም። ቅሬታዬ የማስተሩ ትንንሽ ጎማዎች ላይ ነው። የማስወጫው ክዳን በ3ኛው ወር የት እንደወደቀ ሳላውቅ ጠፋ፣ ጭቃ ገባበት፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጬ አሰርኩለት። የአቧራ ጎማውም መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ለአዲስ ዕቃ ቶሎ ነው።

የላይኛው ግን ያው የድሮው ነው። ትናንት ምንጣፉን ሳነሳ በዘንጉ በኩል ትንሽ እርጥበት አየሁ። የእህቴ ልጅ ከወዲሁ መደበቅ ጀምሯል።