የእርሻ ድርሻ፦ አትክልቱ ጥሩ ነው፣ ቺዙ ግን ሌላ ነው

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ከትንሽ እርሻ የወቅት ድርሻ ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ ቺዙን ሙሉ፣ አትክልቱን ግማሽ ውሰዱ። አንድ ሙሉ የምርት ወቅት አባል ሆኜ የደረስኩበት ይኸው ነው።

እርሻው ትንሽ ነው። ጥቂት ላሞች፣ ጥቂት ፍየሎች፣ አንድ የአትክልት ማሳና አንድ ግሪን ሃውስ። የሚያስተዳድሩት ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ማሳው ላይ ነው፣ እሷ ወተቱና ቺዙ ላይ። ሥራ ሲበዛ ሰው ይቀጥራሉ። በተረፈ የአትክልቱን ሣጥን የሚያስረክባችሁ ሰው ራሱ ያበቀለው ነው። ጥያቄ ካላችሁ እዚያው ትጠይቃላችሁ፣ እዚያው ይመለስላችኋል።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ወቅቱ ሳይጀምር ገንዘቡን ትከፍላላችሁ። ከዚያ በየሳምንቱ ማሳው የሰጠውን ከሌሎች አባላት ጋር እኩል ትካፈላላችሁ። ይህን ጨምሩልኝ፣ ያንን አውጡልኝ የሚባል ነገር የለም። በረዶ ጥሎ ሰላጣውን ቢያወድመው በዚያ ሳምንት ሰላጣ የለም፣ ገንዘብም አይመለስም። ቲማቲሙ ከልክ በላይ ቢይዝ ደግሞ ትርፉ የሁላችሁም ነው።

ቅድሚያ ክፍያው ብዙ ሰው ያስፈራል። እኔን ግን ያሳመነኝ እሱ ነው። ዘር የሚገዛው፣ መኖ የሚከማቸው፣ ማሳው የሚዘጋጀው አንድ ካሮት እንኳ ሳይሸጥ ነው። ትንሽ ገበሬ በዚያ ጊዜ ኪሱ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ይበደራል። አባላት ቀድመው ሲከፍሉ ብድሩ ይቀራል፣ የምርቱም ዋጋ በደላላና በአከፋፋይ እጅ አይዞርም።

ሐሳቡ ዛሬ የመጣ ፋሽን አይደለም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «ቴይኬይ» በሚባለው አሠራር የፀረ ተባይ ኬሚካል ያሳሰባቸው ቤተሰቦች ከገበሬዎች ጋር በቀጥታ መገናኘት ጀመሩ። ጄኔቫ ውስጥ «ሌ ጃርዳን ደ ኮካኝ» የተባለው የአትክልት ኅብረት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1978 ተቋቋመ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለት እርሻዎች ጀመሩት፤ አንዱ ማሳቹሴትስ ያለው «ኢንዲያን ላይን»፣ ሌላው ኒው ሃምፕሻየር ያለው «ቴምፕል ዊልተን» ነው። ኢንዲያን ላይን አትክልት ከመሸጡ በፊት በፖም ድርሻ ነበር የሞከረው። አንድ ምርት፣ አንድ መኸር፣ ከዚያ ወደ ትልቁ። ገዢም እንደዚያ ቢጀምር ጥሩ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ላይ ሙሉ ድርሻ መውሰድ አያስፈልግም።

አትክልቱ እንዴት ነበር? በሦስት ምዕራፍ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ቅጠል ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ራዲሽ፣ ለጋ ሽንኩርት። በዚህ ጊዜ ሣጥኑ ቀላል ነው፤ ሰው «ለዚህ ነው የከፈልኩት?» ይላል። ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቅጠሉ ግን በጣም ጥሩ ነበር። በጠዋት ተቆርጦ ከሰዓት የተረከብኩት ሰላጣ ታጥቦ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ሲገባ እስከሚቀጥለው ርክክብ ጥርት እንዳለ ይቆያል።

ቀጥሎ ጎርፉ ይመጣል። ዝኩኒ፣ ፎሶሊያ፣ ደበርጃን፣ ቲማቲም። ዝኩኒ አንዴ ማፍራት ከጀመረ ፋታ አይሰጥም፤ ሁለት ቀን ሳይለቀም ከቆየ የክንድ ርዝመት ያወጣል። ግማሽ ድርሻ ውሰዱ የምለው በዋናነት ለዚህ ጊዜ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ያለበት ቤት ሙሉ ድርሻን በልቶ አይጨርሰውም፤ ጥሩ አትክልት ሲበላሽ ማየት ደግሞ ያንገበግባል። እርሻው መረከቢያው ላይ አንድ የመለዋወጫ ሣጥን ያስቀምጣል። የማትፈልጉትን ትተዉና ሌላ ሰው የተወውን ትወስዳላችሁ። ችግሩ በዚያ ሰሞን ሣጥኑ ውስጥ የምታገኙትም ዝኩኒ ነው!

ቲማቲሙ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ሱቅ የምናገኘው አብዛኛው ቲማቲም ጉዞ እንዲችል ሳይበስል ተለቅሞ መንገድ ላይ የሚቀላ ነው። ይህኛው ተክሉ ላይ እያለ ቀልቷል። ቆዳው ስስ ነው፣ ጭማቂው ይፈሳል፣ አንዳንዱ ተሰነጣጥቆ ይመጣል። ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስገቡት አደራ። ቅዝቃዜ መዓዛውን የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ያዳክማቸዋል፤ ቀለሙ ቆንጆ ሆኖ ጣዕሙ ውሃ ውሃ ይላል።

ሦስተኛው ምዕራፍ ሥራ ሥር ነው። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ዱባ፣ ጥቅል ጎመን። ለእኔ ከአትክልቱ ሁሉ ምርጡ ይህ ነው። በተለይ ውርጭ ከወረደ በኋላ የተነቀለው ካሮት። ብርዱ ሲበረታ ካሮቱ በውስጡ ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩ በሴሎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ በረዶ እንዳይሆን ይረዳዋል። እኛ የምናገኘው ግን ጣፋጭነቱን ነው። አፈሩ እንደተጣበቀበት፣ ቅጠሉ ሳይቆረጥ ይመጣል። ቤት እንደገባችሁ ቅጠሉን ቁረጡት፤ ካልተቆረጠ የሥሩን እርጥበት መጦ ካሮቱን ያልፈሰፍሰዋል። አፈሩን ግን እስክትበሉት ድረስ ባታጥቡት ይሻላል። ድንቹን ብርሃን በማያገኘው ቦታ፣ ከሽንኩርት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከመረረ አትብሉት።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። መረከቢያው ክፍት የሚሆነው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፣ እሱም የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ። መንገድ ከተዘጋጋባችሁ አለቀ። አንድ በጣም ሞቃት ቀን ደግሞ ሣጥኖቹ ጥላ በሌለበት ተደርድረው ስለነበር ቆስጣው ሁሉ ጠውልጎ ደረሰን። ይህ የአየር ጠባይ ጣጣ አይደለም፤ አንድ ሸራ ቢወጠር የሚቀር ነገር ነው። ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ሸራ ተወጥሮ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ቅጠል ጠውልጎ አልደረሰኝም።

አሁን ወደ ቺዙ ልምጣ። ይህን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የቺዝ ድርሻው ከአትክልቱ ተነጥሎ የሚገዛ ሲሆን በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚሰጠው። ሁለት ዓይነት ነው፤ ለጋ የፍየል ቺዝና ወራት የከረመ የላም ቺዝ። ለጋው በትንሽ ክብ ዕቃ ይመጣል። ድፍን ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ቢላ ሲያርፍበት ይፈረፈራል፣ ምላስ ላይ ኮምጠጥ ይላል። የፍየል ሽታ አልወድም ለሚል ሰው በድፍረት አቀምሰዋለሁ። ያ ከባድ ሽታ የሚበረታው ወተቱ ሲቆይና ሲንገላታ፣ ስቡም ሲሰባበር ነው። ንጹሕ ሆኖ ታልቦ ቶሎ ወደ ሥራ የገባ ወተት ላይ ሽታው የለም ማለት ይቻላል። እሷ ጠዋት አልባ ከሰዓት በፊት ታረጋዋለች።

የከረመው ቺዝ በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚሰጠው። ወረቀቱ ላይ የተሠራበት ቀን በእርሳስ ተጽፏል። ቅርፊቱ ግራጫና ቡናማ፣ ሲዳሰስ ሻካራ ነው፤ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አለው። ውስጡ ቢጫ ነው። ስታኝኩት መጀመሪያ ጨዉ ይመጣል፣ ቀጥሎ የቅቤ ጣዕም፣ መጨረሻ ላይ የተቆላ ለውዝ የሚመስል ነገር አፍ ውስጥ ይቆያል። አልፎ አልፎ ጥርስ ሥር ቀጭ የሚሉ ነጫጭ ነጥቦች አሉት። ብዙ ሰው ጨው ይመስለዋል። ፕሮቲኑ በጊዜ ብዛት ሲፈራርስ የሚወጣ ታይሮሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ ቺዙ በትክክል እንደከረመ ምልክት ነው።

ቀኑ መጻፉ መጀመሪያ ላይ ትኩረቴን አልሳበውም ነበር። ወቅቱ ሲገፋ ግን ቁርጥራጮቹ አንድ ዓይነት ቀለም እንደሌላቸው አየሁ። አንዱ እንደ እንቁላል አስኳል ደማቅ ቢጫ ነው፣ ሌላው ነጣ ያለ። ቀለም ይጨመርበት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ቀለም ገብቶበት አያውቅም፤ ቀኑን እይና ላሞቹ ያኔ ምን ይበሉ እንደነበር አስብ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደማቁ ላሞቹ ለምለም ሣር ላይ በዋሉበት ወር የተሠራ ነው፤ ነጣ ያለው ድርቆሽ ሲበሉ በነበረበት ጊዜ። ለምለም ሣር ውስጥ ቤታ ካሮቲን አለ፣ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ያው ራሱ ነው። ላም የተወሰነውን በስቡ ውስጥ ወደ ወተቷ ታስተላልፈዋለች። ፍየል ግን ወደ ቫይታሚን ኤ ለውጣ ትጨርሰዋለች፤ ለዚህ ነው የእሷ ቺዝ ያንኑ ሣር በልታም ነጭ የሚሆነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ የተለያየ ቀን የተጻፈባቸውን ሁለት ቁርጥራጮች ጎን ለጎን አድርጌ ሳልቀምስ አላልፍም። የሣሩ ጊዜ ቺዝ ለስለስ ያለና መዓዛው የበዛ ነው። የድርቆሹ ጠንከር ይላል፣ ጣዕሙም ቀለል ያለ ነው። እኔ የሣሩን እመርጣለሁ፤ ባለቤቴ የድርቆሹን።

ቁራጩ ትንሽ ነው የሚል አባል አለ። እኔም ክብደቱ ላይ ብቻ ባይ እስማማ ነበር። ግን አንድ ኪሎ እንዲህ ያለ ቺዝ ለማውጣት ወደ 10 ሊትር የላም ወተት ይገባል። ሌላው አጓት ሆኖ ይወጣል። ወተቱ ይሞቃል፣ የሚያኮመጥጠው ባክቴሪያ ይጨመርበታል፣ ሬኔት የሚባለው የወተት ማርጊያ ያረጋዋል። የረጋው በቢላ ይቆራረጣል፣ አጓቱ ይጠላል፣ ቀሪው ተጭኖ ጨው ይገባበታል። ከዚያ በኋላ ነው ረጅሙ ሥራ። ለወራት እየተገለበጠ፣ ቅርፊቱ እየተቦረሸ መደርደሪያ ላይ ይከርማል። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ለጋ የፍየል ቺዝ አትጠብቁ። የቀኑ ርዝመት ከወቅት ወቅት በሚለያይበት አካባቢ ፍየሎች የሚጠቁት ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው። አምስት ወር ያህል ያረግዛሉ፤ ከመውለዳቸው በፊት ወተታቸው ይነጥፋል። በዚያን ጊዜ ድርሻው የከረመው የላም ቺዝ ብቻ ይሆናል። ይህን እቀበላለሁ። ቅር ያለኝ ቀድመው አለመንገራቸው ነው። ለጋው መቋረጡን ያወቅነው መረከቢያው ላይ ቆመን ነው። እንግዳ ጠርቶ ቺዙን አስቦበት የመጣ ሰው ነበር። አንድ አጭር መልእክት ከሁለት ሳምንት በፊት ቢላክ ማንም አይከፋም ነበር። በዚህ ነገር እስካሁን መሻሻል አላየሁም።

ሌላው ልትጠይቁት የሚገባ ነገር ወተቱ ጥሬ ነው ወይስ ፓስቸራይዝድ (ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት የታከመ) የሚለው ነው። እነዚህ ለጋውን ፓስቸራይዝድ ከሆነ ወተት፣ የከረመውን ከጥሬ ወተት ነው የሚሠሩት፤ ሳይጠየቁም ይናገራሉ። አሜሪካ ውስጥ ከጥሬ ወተት የሚሠራ ቺዝ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 60 ቀን እንዲቆይ ሕጉ ያስገድዳል። መቆየቱ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ቤት ውስጥ እርጉዝ ሴት ካለች፣ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ፣ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ቀልድ ስላልሆነ የጥሬ ወተቱን ቺዝ አታቅርቡላቸው።

አቀማመጡም ቀላል ነው። የከረመውን በመጣበት ወረቀት ተዉት። ፕላስቲክ ውስጥ ከታፈነ ያልበዋል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ከመብላታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከፍሪጅ አውጡት፤ ቀዝቃዛ ቺዝ ግማሽ ጣዕሙን ይደብቃል። ሻጋታ ካወጣ ጠንካራውን ቺዝ ከሻጋታው ዙሪያ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ጥላችሁ የቀረውን መብላት ይቻላል። ለጋው ግን ከሻገተ ሙሉ በሙሉ ይጣላል።

ዋጋው ተገቢ ነው? የአትክልቱን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመዘናችሁት ውድ ነው፤ በአጋማሹ ከመዘናችሁት ርካሽ። ወቅቱ አልቆ ሲደመር ለጥራቱ አይበዛም፤ በልታችሁ ከጨረሳችሁት ማለቴ ነው። ቺዙ በእኔ ሚዛን ከተከፈለበት በላይ ነው። ይህን ዓይነት ቺዝ ሱቅ ገብታችሁ ብትገዙት እንኳ ላሞቹ ያን ጊዜ ምን ይበሉ እንደነበር የሚነግራችሁ የለም።

ለማን ይሆናል? ቤቱ ለሚያበስል፣ ሣጥኑን ከፍቶ ካየ በኋላ የሳምንቱን ምግብ ለሚያስብ ሰው። ብዙ ለሚጓዝ ሰው አይሆንም። ልጆቻቸው አትክልት ለሚመርጡባቸው ወላጆች ከጎረቤት ጋር አንድ ድርሻ መካፈል ይሻላቸዋል።

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ቀን ሄዳችሁ እርሻውን እዩ፤ እንስሳቱ ያሉበትን ቦታ፣ ቺዙ የሚከርምበትን ክፍል። ባለፈው ዓመት በየሳምንቱ ምን እንደሰጡ የተጻፈ ዝርዝር ካላቸው ጠይቁ። ፍየሎቹ የሚነጥፉበትን ወር ጠይቁ። ሳምንት ሲያመልጣችሁ ድርሻችሁ ለማን እንደሚሄድም ጠይቁ። እዚህ እርሻ ላይ እስከ ማታ ያልተወሰደው ለተቸገሩ ምግብ ለሚያከፋፍል ድርጅት ይሰጣል፤ አስቀድማችሁ ከደወላችሁ ግን ቺዙን እስከሚቀጥለው ርክክብ ያቆዩላችኋል።