ላሲክስ እግሬን መለሰልኝ፣ ቅዳሴዬን ግን ሊያስቀርብኝ ነበር

ባለፈው ግንቦት በሦስት ትራስ ተደግፌ ነበር የምተኛው። ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ስላለኝ ለማስተማር ክፍል የምገባው በነጠላ ጫማ ነበር። ቁርጭምጭሚቴን በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ይቀራል። ስመረመር የልብ ድካም ነው ተባልኩ። አራት ዓይነት መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ኑሮዬን ከሁሉም በላይ የቀየረው ውሃን በሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ ነው።

መጀመሪያ ምስጋናው ይቅደም። በሳምንት ውስጥ አምስት ኪሎ ውሃ ከሰውነቴ ወጣ። ትራሱ አንድ ሆነ። ከጎንደር ፒያሳ እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ሄድኩ፤ ያረፍኩት ሁለቴ ብቻ ነው። ዶክተሯ ግን አስጠነቀቀችኝ፦ ላሲክስ ውሃውን ያስወጣል እንጂ ልቡን የሚያግዙት ሌሎቹ ናቸው፤ ተሻለኝ ብሎ እነሱን መተው የለም።

አሁን ወቀሳው። ከተዋጠ ሰዓት ሳይሞላ ሽንት ማመላለስ ይጀምርና ስድስት ሰዓት ያህል አይለቅም። መጀመሪያ የገዛሁበት መድኃኒት ቤት «በቀን አንዴ» ብሎ ከመጻፍ በቀር ምንም አልነገረኝም። እኔም ማታ ማታ እውጥ ነበር። ከአልጋ ሽንት ቤት ስመላለስ ይነጋል። ባለቤቴ «ዘበኛ ተቀጠርክ እንዴ?» አለችኝ። ወደ ጠዋት ሳዞረው ደግሞ ጠመኔ እንደያዝኩ «ልጆች፣ መጣሁ» ብሎ መሮጥ ሆነ። እሑድ ቅዳሴ ማስቀደስማ አይታሰብም።

የገላገለችኝ ሌላ ጠባብ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ወረፋ እያለ እንኳ አልተጣደፈችም። «ጋሼ፣ ቀኑን እንዴት ነው የሚውሉት?» አለችኝ። ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ አልነበረም። ነገርኳት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብውጠው ይሻል እንደሆነ ዶክተሯን እንድጠይቅ መከረችኝ፤ ዶክተሯም ተስማማች። ብቻ ከአሥር ሰዓት እንዳያልፍ።

ልጅቷ ሳሌንም ሰማች። እኔ የጎንደር ብርድ መስሎኝ ዝንጅብል ስጠጣ ከርሜያለሁ። «ለልብዎ ኢናላፕሪል ነው የሚወስዱት? እሱ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ በራስዎ እንዳያቆሙት፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ» አለችኝ። ሎሳርታን በሚባል ሌላ መድኃኒት ተቀየረልኝ፤ ሳሉ ጠፋ።

ሚዛንም ግዛ ተባልኩና ገዛሁ። ጠዋት ሽንቴን ሸንቼ፣ ቁርስ ሳልበላ እመዘናለሁ። በሁለት ሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመርኩ ውሃው እየተመለሰ ነውና ቀጠሮ አልጠብቅም፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። አንዴ ጨው የበዛበት የሠርግ ወጥ ጉድ ሠርቶኛል። ጨው የሌለው ሽሮ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሽሮ አይደለም።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ለላሲክስ አራት፣ ለልጅቷ አምስት። አንዳንዴ መድኃኒቱ «የለም፣ አልቋል» መባሉ ነው የሚያናድደኝ፤ የዚያን ዕለት በባጃጅ ከተማውን ስዞር እውላለሁ።

ዘንድሮ ጥር 11 ንጋት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ጸበል ተረጨሁ። ክኒኑ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቤት ገብቼ ስድስት ሰዓት ላይ ዋጥኩት።