ከድሬዳዋ ቁልቢ በእግር፦ የትኛው ብር ሠራ፣ የትኛው ሜዳ ላይ ቀረ

ከሊስትሮው ልጅ ልጀምር። በዚህ የቁልቢ ገብርኤል ጉዞ ከከፈልኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ አንድም ቅሬታ ያላደረብኝ የእሱ ብቻ ነው።

ከድሬዳዋ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተን ዳገቱን ጨርሰን ደንገጎ ስንደርስ ረፋድ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ተቀምጬ እግሬን ስዘረጋ የግራ ጫማዬ ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፍቷል። ጀርመን የገዛሁት ውድ የተራራ ጫማ ነው፤ ሦስት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ከርሞ ለዚህ ጉዞ ብዬ ያወጣሁት። በኋላ ስጠይቅ እንደተረዳሁት የእንዲህ ዓይነት ጫማ ለስላሳው ሶል ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ፣ ሳይደረግ ቢቀመጥም የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈራርሰዋል። አዲስ እንደመሰለ ይበሰብሳል ማለት ነው። ልጁ አገላብጦ አየና «ማዘር፣ ይሄ ውድ ነው አይደል? ታዲያ ለምን ስፌት የለውም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ማስቲሽ ቀባው፣ ድንጋይ ጭኖ እስኪይዝ ጠበቀ፤ አላመነውም መሰለኝ ወስፌውን አውጥቶ ዙሪያውን በናይለን ክር ሰፋው። ሌላኛውንም ሳልጠይቀው ሰፋው፤ «እሱም ይከተላል» ብሎ። 150 ብር። ቁልቢ የደረስኩት፣ ፍራንክፈርት የተመለስኩትም በዚያው ስፌት ነው።

የተሳልኩት ከአራት ዓመት በፊት ነበር፤ ስለቱ የደረሰበት ጉዳይ የቤቴ ስለሆነ እዚህ አላወራውም። ድሬ ተወልጄ ስላደግኩ ቁልቢ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ በልጅነቴ በመኪና ስንት ጊዜ ወስደውኛል። በእግር ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። በዓሉ በዓመት ሁለቴ፣ ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19፣ ይከበራል። ሐምሌ ዝናብ ነው፤ እግረኛ ከሆናችሁ ታኅሣሥን ምረጡ። ቀኑ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ግን ይቆረጥማል፤ ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደንገጎ ሲደረስ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሰውነት ደግሞ ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። እኔ በድሬ ልብስ ነበር የተነሣሁት። ያደግኩበትን አገር ብርድ መርሳቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

በረራውና የድሬው እንግዳ ማረፊያ ብዙ የሚጻፍላቸው ነገር የለም። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ተነሣ፣ ሻንጣዬ መጣ። ማረፊያው ንጹሕ ነው፣ ኤሲው ይሠራል፣ ውኃው ማታ ማታ ይሄዳል፤ ባልዲ ሞልተው ያስቀምጡልሃል። ዘበኛው ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቀስቅሶን ሻይ አፍልቶ ጠበቀን፤ ይሄን ማንም አላዘዘውም።

አሁን ብሬ ወደተቃጠለበት። ከመምጣቴ በፊት በስልክ «በእግር ለሚሄዱ ዳያስፖራዎች ሙሉ መስተንግዶ» የሚሰጥ አንድ ድርጅት አገኘሁ። ስሙን አልጽፍም። ለእኔና ለአክስቴ ልጅ በነፍስ ወከፍ 18,000 ብር። በዚህ ዋጋ ሻንጣችንንና ፍራሽ የሚይዝ መኪና፣ በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ውኃ፣ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ድንኳን፣ ቁልቢ ላይ ሌላ ድንኳን «ከነመጸዳጃው» ተባለልን። ለምን አመንኩ? ከሁለት ዓመት በፊት ስፔን ከሳሪያ እስከ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሄድኩ ነው። እዚያ ጠዋት ሻንጣህን ማደሪያው በር ላይ ትተህ ትወጣለህ፣ ማታ የምታድርበት ቤት ቀድሞህ ደርሶ ታገኘዋለህ። መንገዱ በቢጫ ቀስት የተሞላ ነው፤ የጉዞ ደብተርህ ላይ በየቀኑ ማኅተም ይመታልሃል፤ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ የጨረሰ ሰው በላቲን የተጻፈ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ያ ሥርዓት የተገነባው መንገዱ የእግረኛ ስለሆነና ሰዉ ዓመቱን ሙሉ ስለሚጎርፍ ነው። የቁልቢ መንገድ የከባድ መኪና አስፋልት ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ አንዴ ይፈስሳል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሻንጣ አድራሽ መኪና ማለት ሰልፍ ውስጥ የቆመ መኪና ማለት ነው። ይሄን ለማወቅ 36,000 ብር ማውጣት አልነበረብኝም፤ የሠፈር ሰው ብጠይቅ በነጻ ይነግረኝ ነበር።

የሆነውም ይኸው ነው። እኛ ታኅሣሥ 17 ሌሊት ወጣን፤ መኪናው ሌሎች ደንበኞችን ሲጠብቅ ቆይቶ ከድሬ የተንቀሳቀሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ውኃ፣ ፍራሽ፣ ሹራቤ፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው። ደጋግመን ደወልን፤ አንዴ «እየመጣሁ ነው»፣ አንዴ «ደርሻለሁ»፣ ከዚያ ስልኩ ዝግ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቁልቢ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን በመኪና ሰልፍ መካከል አገኘነው። ሹፌሩ ፍራሻችን ላይ ተኝቷል። አልቀሰቀስነውም፤ የአክስቴ ልጅ በመስኮት እጁን አስገብቶ ሹራቤን ብቻ አወጣ፣ መንገዳችንን ቀጠልን።

ስለ መንገዱ ራሱ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፦ ጠቅላላው 60 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ክፉው ክፍል የመጀመሪያው ነው ብላችሁ አትፍሩ። የደንገጎ ዳገት በሌሊት ሲወጣ ከሁሉ ያምራል። የድሬ መብራት ከታች እንደ ፍም ተበትኖ ይታያል፣ ከፊት የሚሄዱት ይዘምራሉ፣ ከኋላ ያሉት ይቀበላሉ፣ በመሐል ኩርባው ድምፁን ይውጠዋል። አስፋልቱን ይዛችሁ እያንዳንዷን ኩርባ አትዙሩ፤ መንገዱን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ሁኑና በአቋራጩ ውጡ። አቋራጩ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ እግር አይጎዳም። እግር የሚገድለው ከደንገጎ ወዲያ ያለው ለጥ ያለ አስፋልት ነው። ጠርዙ ጠባብ ነው፣ አይሱዙው ክላክሱን ነፍቶ ነጠላህን ገፍፎ ነው የሚያልፈው። ግራና ቀኙ የጫት እርከን ነው፣ ውብ ነው፤ ግን ዓይኔ ከመንገዱ ላይ ስለማይነሣ ብዙውን አላየሁትም። እኔ በስፖንጅ ሶል እየተነጫነጭኩ፣ አጠገቤ አንዲት ሴት በባዶ እግሯ ድንጋይ ተሸክማ ትሄዳለች። ስታርፍ እንኳ ድንጋዩን አላወረደችም፤ የመንገድ ዳር ግንብ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ክብደቱን ታቀለዋለች።

ሽንት ቤት የለም። ይሄን በግልጽ ልጻፈው፣ ማንም አይጽፈውም፤ በተለይ ሴቶች ያለቅሱበታል። የጫት ማሳው የሰው ንብረት ነው፣ ሕዝቡ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ነው። ቀርሳ ውስጥ አመሻሽ ላይ፣ እግሬ ውኃ ቋጥሮ በተረከዜ እያነከስኩ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ያለ ግቢ በር ላይ ቆምንና የአክስቴ ልጅ ጠየቀልኝ። ሻርፕ የጠመጠመች የልጆች እናት ወጣች፤ «ኮታ፣ ኮታ» (ኑ፣ ኑ) አለችን። ኦሮምኛዬ ዝጓል፤ ይቺን ግን አልረሳኋትም። ጓሮ ወሰደችኝ። ስወጣ ለብ ያለ ውኃ በጨው በጥብጣ በሳፋ አስቀምጣለች። ቀጥሎ ሆጃ፣ የአካባቢው ትኩስ መጠጥ፣ መጣ። በእኛ በኩል ሆጃ ወተት አለበት፤ ስኒውን ሳየው ጥቁር ነው። ቀና ብዬ አየኋት፤ «ጾም ላይ አይደላችሁ?» አለችኝ። የነቢያት ጾም መሆኑን እሷ ስታውቅ እኔ የያዝኩት ድርጅት አላወቀም፤ ስንቅ ብለው የሰጡን ከረጢት ውስጥ የነበረው የእንቁላል ሳንድዊች ነው።

ሰሌን ተነጥፎልን፣ ጋቢ ተሰጥቶን እዚያው አደርን። ጠዋት ብር ስዘረጋ እጄን ወደ ኋላ መለሰችው። ዓይኗ ግን ተረከዜ ላይ የለጠፍኩት የውኃ ቋጠሮ ፕላስተር ላይ ነበር፤ የልጇን እግር ጫማ ነክሶት ኖሮ ሁለት ብቻ ጠየቀችኝ። ፓኬቱን እንዳለ ሰጠኋት። ከዚያ እስከ ቁልቢ በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ፤ ጨርቁ ከፕላስተሩ ይሻላል ብል እዋሻለሁ።

ቁልቢ። ዋዜማው ማታ ከተማዋ የራሷን ልክ አልፋ ትፈስሳለች። ራስ መኰንን በ1888 ወደ አድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ይነገራል፤ ስለት ይዞ መምጣትም ከዚያ የተያያዘ ነው ይላሉ። የተከፈለልን ድንኳን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ተኝቷል፤ እነሱም ከፍለዋል፣ ደረሰኝ አሳዩን። መጸዳጃው ሸራ የተጋረደበት ጉድጓድ ነው፤ ሰልፉን አይቼ ተመለስኩ። በመጨረሻ አንዲት የሠፈር እናት ቤት ለአንድ ሰው 1,200 ብር ከፍለን ፍራሽ አገኘን። ለአንድ ክፍል ስምንት ሰው ነበርን። እማማ ጫማችንን በር ላይ ተቀብለው በማዳበሪያ ከረጢት አሥረው አልጋቸው ሥር ያስገባሉ፤ «በኋላ የእገሌ ጠፋ አትበሉኝ»። ሌሊቱን በድምፅ ማጉያ ማኅሌት ስለሆነ እንቅልፍ የሚባል የለም፤ ቢሆንም ጀርባዬ መሬት አልነካም፣ ሽንት ቤታቸው በር አለው፣ ውኃ በጆግ አለ። በዚያ ሌሊት በቁልቢ ይሄ ቅንጦት ነው። ገንዘባችሁን የምታፈሱበት ካጣችሁ እዚህ አፍሱት፤ ታኅሣሥ 18 ሳይመሽ ደርሳችሁ ራሳችሁ ዞራችሁ ጠይቁ፣ ደላላ ከገባ ዋጋው እጥፍ ነው።

በሌላው በኩል፦ ጥሬ ብር ያዙ። ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ ቴሌብር «እባክዎ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» እያለ ይቀልድባችኋል። የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ በቃል ተነጋገሩ። የአክስቴ ልጅ ስልክ ቅጥሩ ውስጥ፣ ኪዳን ላይ ቆሞ ሳለ ተወሰደ፤ ሌባውም ስለት ይኖርበት ይሆናል። ንግሡ እንዳለቀ ለመመለስ አትሞክሩ፤ ሞከርን። ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመን የታሪፉን ሦስት እጥፍ ከፍለን፣ በአባዱላ ወንበር መካከል በዱካ ተቀምጠን ድሬ ገባን። አንድ ሌሊት አድረው በ20 ጠዋት የወጡ ጎረቤቶቼ በመደበኛው ዋጋ ተቀምጠው መጥተዋል። ድርጅቱ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ለሁለታችን 8,000 ብር መልሶልናል፤ ያንን መመለሱን መካድ አልፈልግም።

ለስለቴ የወሰድኩት ጥላ ነበር። ድሬ ቀድሜ በ2,600 ብር ነው የገዛሁት፤ ባለወርቃማ ዘርፍ፣ ቀይ ከፈፍ፤ ሻጩ በጋዜጣ ጠቅልሎ በሲባጎ አሠረልኝ። መኪናው ላይ ያላስቀመጥኩት እቃ እሱ ብቻ ነው፤ እስከ መጨረሻው ጀርባዬ ላይ ነበር፣ ጋዜጣው ከትከሻዬ ላብ የተነሣ ተበልቶ ቀለሙ ነጠላዬ ላይ ታትሟል። አስረክቤ ወጣሁና ጥግ ይዤ እግሬን ሳሳርፍ የስለት ዕቃዎች የሚሸጡበት የጨረታ ማይክ ተከፈተ። ሦስተኛው ላይ ያቺው ቀይ ከፈፍ ወጣች። የሲባጎዬ ቁራጭ እጀታው ላይ ቀርቷል፣ ስለዚህ አልተሳሳትኩም። አምስት ሺህ፣ ስድስት፣ ሰባት ሺህ ተኩል። ሰባት ሺህ ተኩሉን የጠራው አንድ ወጣት ነው፤ ተቀብሎ ዘረጋት፣ የያዘው ሕፃን ላይ ጥላ አደረገበትና መንገድ ሳይከፈትለት ወደ ክርስትና ቤቱ በሕዝቡ መካከል መግፋት ጀመረ። ከፈፏ ከሰዉ ራስ በላይ ለረጅም ጊዜ ትታየኝ ነበር።