በብርዱ ወራት ከነውሾቻችን ላስጠጉን የአኪል ደሴት እናት

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው፣ በአየርላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በሜዮ ካውንቲ በምትገኘው በአኪል ደሴት ላይ አነስተኛ የካምፐርቫን፣ ማለትም ውስጡ የሚታደርበት መኪና፣ ማደሪያ የሚያስተዳድሩ አንዲት እናት ባለፈው የገና ሰሞን ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለሁለት ውሾቻችን ያደረጉልንን በአደባባይ ለማመስገን፣ በዚያውም እንደ እኛ በብርዱ ወራት ውሻ ይዞ መጓዝ ለሚወድ ሰው እርሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሰው ስልካቸውን እንድሰጥ ግን ፈቅደዋል።

ነገሩን ለማያውቁት ላስረዳ። ከኪንሴል ከተማ ተነሥቶ እስከ ዶኒጎል ሰሜናዊ ጫፍ የሚዘልቀው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ዋይልድ አትላንቲክ ዌይ ተብሎ ለጎብኚዎች የተከፈተው የባሕር ዳር መንገድ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በሞቃቱ ወራትም በየመንደሩ ማደሪያ አይጠፋበትም። ሙቀቱ ካለፈ በኋላ ግን ብዙዎቹ ማደሪያዎች በራቸውን ዘግተው እስከ ፋሲካ አይከፍቱም። የሕዝብ መኪና ማቆሚያዎችም ቢሆኑ፣ አንዳንዱ መግቢያው ላይ ከፍ ያለ መኪና የማያሳልፍ ብረት ተጋድሞበታል፣ ሌላው ደግሞ ማደር ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ ቆሞበታል። እኛም ከዚህ ቀደም በሌላ ካውንቲ፣ ሰሌዳውን በጨለማ ሳናየው ቀርተን፣ እኩለ ሌሊት ላይ መስኮታችን ተንኳኩቶ፣ ውሾቹ እየጮኹ፣ በጠባብ መንገድ ሌላ ቦታ ፍለጋ ወጥተናል። ጥፋቱ የራሳችን ስለነበረ ቅሬታ የለኝም። የሚያስቆጨኝ ግን ለውሻ ባለቤት ከዓመቱ ሁሉ የሚሻለው ይኸው የብርድ ጊዜ መሆኑ ነው፤ በዋናው ወቅት ብዙ የባሕር ዳርቻዎች ቀን ቀን ውሻ አያስገቡም፣ በብርዱ ግን ያ ሁሉ አሸዋ ለውሻና ለባለቤቱ ብቻ ይቀራል።

ከደብሊን ከመነሣታችን በፊት አምስት ቦታ ደወልኩ። ሦስቱ ተዘግተው ነበር፤ አንዱ ውሻ አይቀበልም። አምስተኛዋ እርሳቸው ነበሩ፤ እኛ ስንት እንደሆንን ከመጠየቃቸው በፊት «ውሾቹ ስንት ናቸው? በግ አይተው ያውቃሉ?» አሉኝ። ከዚያም ሳይመሽ እንድንደርስ አጥብቀው አሳሰቡን። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ተመልሳ የምትወጣውም ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ስንደርስ የጎማ ቦቲያቸውን ተጫምተው በር ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ሣሩ ዝናብ ጠግቦ ስለነበር መኪናችን እንዳይሰምጥ ጠጠር የተነጠፈበትን ቦታ አሳዩን። የውኃ ቧንቧዎቹ በብርድ እንዳይፈነዱ ስለተዘጉ፣ ከወጥ ቤታቸው ደጅ ካለችው ቧንቧ እንድንቀዳ ፈቀዱልን። መብራት ተሰክቶልን ለአንድ ሌሊት የከፈልነው 20 ዩሮ ነው፤ ለውሾቹ ምንም አልጠየቁንም።

በአኪል በጎች በመንገዱም በባሕሩ ዳርም እንደ ልባቸው ይዘዋወራሉ። ከውሾቻችን ቡቺ አርጅቷልና ለበግ ግድ የለውም፤ ዳማ ግን የእረኛ ውሻ ዘር ናት። ገና ከመኪናው ሳትወርድ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ኮረብታውን ስታይ ሴትዮዋ ተመለከቷትና፣ ምንም ሳይናገሩ ወደ ዕቃ ቤታቸው ገብተው አሥር ሜትር የሚሆን ብርቱካንማ የዓሣ አጥማጅ ገመድ ይዘው ተመለሱ። በአንዱ ጫፍ የአንገት ማሰሪያ ላይ የሚቆለፍ መንጠቆ ታስሮበታል፤ በሌላው ጫፍ እጅ እንዳይፋቅ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። በጎቹ በዚያ ወቅት እርጉዝ በመሆናቸው፣ ውሻ ባይነክሳቸው እንኳ መሯሯጡ ብቻ ሊያስወርዳቸው እንደሚችል አስረዱን። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው የውሾች ቁጥጥር ሕግም፣ ሌላ ማስቆሚያ መንገድ ያጣ ገበሬ በጎቹን የሚያሳድድ ውሻ ተኩሶ ቢገድል፣ ለፖሊስ እስካስታወቀ ድረስ፣ ቢከሰስ ይህንኑ መከላከያ አድርጎ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። ይህን የነገሩን ሊያስፈራሩን አልነበረም፤ ገመዱን ሲሰጡን ሳቅ እያሉ ነበር። ዳማ ሦስቱንም ቀን በዚያ ገመድ እንደ ልቧ ሮጣለች፣ እኛም ሳንሳቀቅ ቆይተናል።

ከሁሉ በላይ ያልረሳሁት ሁለተኛውን ሌሊት ነው። የአገሪቱ የአየር ትንበያ ተቋም ሜት ኤረን ለነፋስ ብርቱካናማ፣ ማለትም ከቀዩ ቀጥሎ ከባዱን፣ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ እኛ ግን የስልክ መረብ ስለማይደርሰን አላወቅንም። ይህን ጠረፍ አቅልሎ የሚያይ ሰው ካለ፣ በጃንዋሪ 2025 ኤዎዊን የተባለው ማዕበል በጎልዌይ ካውንቲ በሜስ ሄድ በሰዓት 183 ኪሎ ሜትር የደረሰ ነፋስ ማስመዝገቡን ያስታውስ። ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። የዝናብ ካፖርት ደርበው፣ ባትሪ ይዘው «አሁኑኑ ተነሡ፣ ከድንጋዩ ካብ ኋላ ግቡ» አሉን። ባለቤቴ ሲነዳ እርሳቸው አንድ እጃቸውን የመኪናው አፍንጫ ላይ አሳርፈው፣ በሌላው ባትሪውን እያወዛወዙ፣ ዝናቡ ፊታቸውን እየገረፈው መሩት፤ ነፋሱ ጎኑን አግኝቶ እንዳይንጠው አፍንጫውን ወደ ምዕራብ አስቆሙት። የጣሪያውን መስኮት አስዘጉን፣ ቡታጋዙን ከበርሜሉ አስቆለፉን፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት። ሌሊቱን መኪናው ሲንቀጠቀጥ ቡቺ እግሬ ሥር ተሸጉጦ አደረ። ጠዋት ወጥተን ስናይ፣ ቀድሞ የቆምንበት ቦታ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የቆርቆሮ ቁራጭ ወድቆ አገኘን።

በማግስቱ ጃንዋሪ 6 ነበር። አየርላንዳውያን ይህን ቀን ኖሊግ ና ማን፣ ማለትም የሴቶች ገና ይሉታል፤ በልማዱ የቤቱ ሥራ ለወንዶች ተትቶ ሴቶቹ ያርፋሉ። ለእኛ ደግሞ የገና ዋዜማ፣ ጾሙም ያልተፈታበት ቀን ነው። ሻይና ኬክ ጋብዘውኝ ወተቱን ሊቀዱልኝ ሲሉ ጾመኛ መሆኔን ነገርኳቸው፤ ብዙ ሳይጠይቁ ኬኩን ወደ ጎን አድርገው ድንች ቀቀሉልኝ። እኔም ጀበናዬን ከመኪናው አምጥቼ እዚያው ምድጃቸው ላይ ቡና አፈላሁላቸው። ቡቺ ከምድጃው ፊት ተጋድሞ ያንኮራፋ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ፣ ውሻ ከደጅ አልፎ የማያውቅበት ቤት ያሳደገችኝ፣ ይህን ብታይ ምን እንደምትል አላውቅም።

ለመሄድ የምታስቡ ግን አስቀድማችሁ እወቁት፤ ማደሪያው የቅንጦት አይደለም። ገላ መታጠቢያው አንድ ብቻ ሲሆን ሙቅ ውኃውም ተራ ይጠብቃል፤ የቀኑ ብርሃን አጭር ነውና አስቤዛችሁን ወደ ደሴቱ የሚያሻግረውን ድልድይ ሳታልፉ ብትይዙ ይሻላል። የጋዝ በርሜላችሁ ቢጫው ማለትም ቡቴን ከሆነ፣ ብርዱ ዜሮ ዲግሪ ሲቃረብ ስለሚሰንፍ ቀዩን ፕሮፔን ያዙ፤ ይህንንም የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። በብርዱ ወራት የሚቀበሉት አራት መኪና ብቻ ስለሆነ ሳትደውሉ አትሂዱ፤ ስትደውሉም የውሾቻችሁን ቁጥር አዘጋጁ፣ ከስማችሁ በፊት የሚጠይቋችሁ እርሱን ነውና።